የምንጩ ምረቃ

«ተዋቸው ይቁሙ፤ ቢጫው ለፎቶ ያምራል።»

እትዬ ጌታነሽ ይህን የሰሙት ከአዲሱ የቆርቆሮ አጥር ውጭ ቆመው ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ። የተናገረው ከአጥሩ ውስጥ የተሠራው ማዕከል ኃላፊ አቶ ይሥሐቅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከረባት አስሮ የተወለደ የሚመስል ልጅ። ሾፌሩ፣ እነዚህ ሴቶች በር ላይ ቢጫ ጄሪካን ደርድረው ምን ይጠብቃሉ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ላባራቸው ወይ ብሎ ጠይቆት ኖሯል። እትዬ ጌታነሽ አልከፋቸውም። እንዲያውም ነጠላቸውን አስተካከሉና የሁለቱን ጄሪካኖቻቸውን አቧራ ጠርገው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሯቸው። ምንጭ ሲመረቅ ፎቶ መነሣት ያለ ነው። ከኋላቸው አርባ የሚሆኑ የከተማችን ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ወረፋ ለመያዝ ገና ጎሕ ሳይቀድ የመጡ ናቸው። እትዬ ጌታነሽ ግን ወረፋ አላስፈለጋቸውም። መሬቱ የእሳቸው ነበርና ማንም ሳይነግረው ሁሉም ፊት ለፊቱን ለቀቀላቸው።

ይህን የማወራችሁ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የቆመችው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው በረንዳ ላይ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ የማይታይ፣ የማይሰማ ነገር የለም። የከተማችንን ስም አልጠራም። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት የአይሱዙ መንገድ ናት፣ ብርዷ ይለያል፣ ውኃ የላትም ብል ይበቃል። ብጠራትም የምንዋረደው እኛ እንጂ እሷ አይደለችም። እየተሳለቀ የሚያወራ ሰው ራሱን ደብቆ ነው እንዳትሉኝም፣ እኔም በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቻለሁ። ያውም ቀኝ እጄን፣ እስከ ብብቴ።

ስብሰባው የተደረገው በኅዳር ወር በ2003 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ለዩኒቨርሲቲዎች አንድ መመሪያ ወርዶላቸው ነበር አሉ፤ የመንግሥትን እጅ እያዩ መቀመጥ ቀርቷል፣ እያንዳንዱ የራሱን ገቢ ከራሱ ያውጣ የሚል። ይህን ዛሬ ነው የምናውቀው። ያኔ የምናውቀው አንድ ትልቅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መምጣቱን ብቻ ነው። ደብዳቤውን ያነበበልን የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ምንይሉ ነበር፤ የእትዬ ጌታነሽ ታናሽ ወንድም። ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አነበበ። ዩኒቨርሲቲው በቀበሌያችን ምንጭ ሊያጎለብት ስለሆነ ለዚሁ የሚሆን ቦታ እንድናመቻች ተጠይቀናል አለ። ምንጭ ማጎልበት ማለት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ታች ቆላው ድረስ እየተዞረ የተሠራ ነው፤ የሚፈልቀውን ውኃ በስሚንቶ ያጥሩታል፣ ቧንቧ ያወጡለታል፣ ሕዝቡ ይቀዳል። ስለዚህ ጥያቄ ያለው ሲባል ማንም ጥያቄ አልነበረውም። አባ ወልደ ጻድቅ ብቻ ተነሥተው ውኃው ሲወጣ ከጠበል እንዳይቀላቀል ጥንቃቄ ይደረግ አሉ፣ በቃለ ጉባኤም ተያዘላቸው።

ቦታ የት ይገኝ ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እትዬ ጌታነሽ ዞረ። ከቤታቸው ጀርባ ከአባታቸው የቀረችላቸው ቁራጭ መሬት አለቻቸው፤ በበጋ እንኳ ፊላ የሚበቅልባት፣ ስትረግጧት እግር የምታረጥብ። እሳቸው ደግሞ ሥራቸው ባና ነው፤ ከበግ ጸጉር የሚሠራው የደጋ ብርድ ልብስ። ጸጉሩን ከገበያ ይገዛሉ፣ ያጥባሉ፣ ይፈትላሉ፣ ያሸምናሉ፤ ሲያልቅም በውኃ እየነከሩ በእግራቸው ይረግጡታል፤ ባና ካልተረገጠ አይጠብቅምና ብርድ ያሳልፋል። አንድ ባና ስምንት ጄሪካን ውኃ ይፈጃል። ወንዙ ደግሞ ገደል ውስጥ ነው፤ ወርዶ ለመውጣት ሦስት ሰዓት። ባለ አህያው አንዱን ጄሪካን በሁለት ብር ይሸጣል፣ በግንቦት ደግሞ በሦስት። እትዬ ጌታነሽ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ ጉልበታቸው ከዓመት በፊት ገደሉን እምቢ ብሏል። በቃ፣ እዚያው ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ውኃ ከመጣልኝ መሬቱ ለምኔ ነው፣ ወስዳችሁ ቆፍሩት አሉ። ካሣ ይታሰብልዎት ሲባሉም ውኃ አይሸጥም ብለው እምቢ አሉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማሯት ፊደል ስማቸውን አንድ ባንድ ጽፈው ፈረሙ። እኛ አጨበጨብን። ምንይሉ አጎንብሶ ወረቀቱን ያስተካክል ነበር።

ከዚያማ ሥራው ነው። ቁፋሮው በሕዝብ ተሳትፎ ይሁን ተባለ፤ እኛም በየተራ አሥራ ሁለት ቀን በነጻ ቆፈርን። ሴቶቹ ድንጋይ በጀርባቸው አመላለሱ። በስድስተኛው ቀን ጉድጓዱ ወገብ ሲያክል ውኃ መጣ። አላጋነንኩም፣ መጣ! መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ሲመሽ ኩልል ያለ። እልልታው እስከ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተሰማ። ወይዘሮ ውባየሁ፣ የሰባ ዓመት አሮጊት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ታጠቡበት። የዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ግን መጣና አይቶ ፊቱን አጠቆረው፤ በማግስቱ ሁለት መኪና ድንጋይና ስሚንቶ አስገለበጠና ውኃውን ድፍን አደረገው። ለምን ብለን ስንጠይቅ ለመሠረት አይመችም አለ። እኛም፣ ይህ የተማረ ሰው ነው፣ ውኃውን ወደ ቧንቧው ሊያዞረው ነው ብለን አመሰገንነው። እንግዲህ ይህን ያህል ነው ያመንነው።

ወደ ምረቃው ቀን ልመለስ። በሩ የተከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ጌታነሽ ሁለቱን ጄሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ከሁሉ ቀድመው ገቡ፤ ዓይናቸው ቧንቧ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተርና የምሥራች አሉ። የምሥራች የአዛለች ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ተቀምጣ የነበረች፣ ከከተማችን እዚያ የተቀጠረች ብቸኛ ሰው። ከራሷ በላይ በመስተዋት የተለበጠ የዋጋ ዝርዝር ተሰቅሏል። ፎቶ ኮፒ በገጽ አንድ ብር። የኮምፒውተር ሥልጠና በወር ሁለት መቶ ብር። አዳራሽ ለሠርግና ለተዝካር አምስት መቶ ብር፣ ወንበር ሲጨመር ስድስት መቶ። ከሁሉም በታች ደግሞ የማማከር አገልግሎት፣ በገብስ አዘራር ዙሪያ፣ ለአንድ አርሶ አደር ሃምሳ ብር። አባቶቻችን ገብስ ሲዘሩ ኖረው ሃምሳ ብር ሳይከፍሉ መሞታቸው ነው የሚያሳዝነው፤ እንዴት እንደበቀለላቸው እግዜር ይወቅ። እትዬ ጌታነሽ ውኃው በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁ። የምሥራች ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ ጄሪካኖቹን አየች፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞራ የሌለ ወረቀት ማስተካከል ጀመረች። ምናልባት ከጀርባ ይሆናል እትዬ አለቻቸው።

ሁለተኛው ክፍል የሽያጭ ክፍል ይባላል። በመደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፤ የማር ጠርሙስና ባና። ባናዎቹ ላይ በቀጭን ገመድ የተንጠለጠለች ካርቶን አለች፤ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ፣ ከሥሩ «የምርምር ውጤት»፣ ከሥሩ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብር። እትዬ ጌታነሽ ከላይ ያለውን ባና ሲዳስሱ እጃቸው አወቀው። ጠርዙን ሲቋጩ ክሩን ሦስት ጊዜ የሚያዞሩት በአካባቢው እሳቸው ብቻ ናቸው። በየካቲት በሞላሌ ገበያ ሞተር ብስክሌት ለያዘ አንድ ሰው በሦስት መቶ ሃያ ብር የሸጡት ነው። ምን እንደተመራመሩበት ፈለጉ፤ ገለበጡት፣ አገላበጡት፤ ከካርቶኗ በቀር የተጨመረ የለም። እዚያ የቆመውን ዘበኛ፣ ወንድምአገኝ ይባላል፣ ይህ እኮ የኔ ሥራ ነው አሉት። ወንድምአገኝ ደግ ሰው ነው፤ እንግዲያው እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባልዎት አላቸው። እውነቱን ነው፣ ሊቀልድባቸው አላሰበም።

ከጀርባ የበጎች ጋጣ ነው። አሥራ ሁለት አውራ በጎች፣ የተሻሻሉ ናቸው አሉ፣ ፊታቸው ላይ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቶላቸው ይጠጣሉ። ውኃ! ንጹሕ፣ ሰማዩ የሚታይበት ውኃ። እትዬ ጌታነሽ ጄሪካኖቹን አስቀምጠው እጃቸውን ነከሩ። በኋላ እንደነገሩኝ በዚያች ደቂቃ ዕንባቸው መጥቶ ነበር፤ ይኸው ወጣ፣ ጉልበቴ አረፈ ብለው ነበር። ቧንቧው ታዲያ ወዴት ነው ሲሉ ወንድምአገኝ ከኋላቸው ደርሶ፣ ቧንቧ የለም እትዬ፣ በቦቴ ነው የሚመጣ፣ ለአውራዎቹ ብቻ ተብሎ ነው አላቸው። ደግሞም እንዲነኩት አልተፈቀደም፣ እኔን ይቆጡኛል ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም እጃቸውን አወጡና በቀሚሳቸው አደረቁ። ያን ሰዓት ልባቸው ምን እንዳለ አልጠየቅኳቸውም። ጄሪካኖቹን አንሥተው ለእንግዶቹ ወደተተከለው ድንኳን ሲመጡ ግን አየኋቸው፤ በእርጥብ እጃቸው ጄሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ በሦስት መኪና መጡ። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ናቸው፣ ንግግር አደረጉ። ጥሩ ንግግር ነው፤ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ሲያቋርጣቸው ካልሆነ በቀር ይሰማል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ዳቦ ይጋግራል፣ አንዳንዱ ወተት ያልባል፣ አንዳንዱ ብሎኬት ያመርታል፤ እኛ ግን ወደ ኋላ ቀርተን ነበር አሉ። የቢፒአር ማሻሻያ ሠርተን፣ የቢኤስሲ ዕቅድ አውጥተን፣ በመጨረሻ ራሳችንን በራሳችን የምንደጉምበት ቀን ደረሰ አሉ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ፕሮግራማችን ብቻውን በዚህ ዓመት ምን ያህል እንዳስገባ በመቶኛ ተናገሩ፤ መቶኛው ከምን እንደሆነ ባይገባንም ትልቅ ቁጥር ስለሆነ አጨበጨብን። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሴቶቹ ዘረጉ። «ግን የገቢያችን ምንጭ ማሽኑም አይደለም፣ በጉም አይደለም። ምንጩ እናንተ ናችሁ!» አሉ።

ይኼኔ ካሜራ የያዘው ልጅ ሮጦ ሄዶ ጄሪካኖቹን ፎቶ አነሣቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ጌታነሽ ግን ሰው አላዩም፤ ከድንኳኑ አናት የተሰቀለውን ትልቁን ጨርቅ ነበር የሚያዩት። እሳቸው ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርቁ ላይ የውስጥ ገቢ ምንጭ ማጎልበቻ ማዕከል ይላል። «ማጎልበቻ» ላይ ደረሱ፣ ተመለሱ፣ «ምንጭ» ላይ ቆሙ፣ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ። ገቢ። እኔ ደግሞ በአምስት ዓመት ትምህርቴ ከጠዋት ጀምሮ ስመለከተው የነበረውን ጨርቅ ያኔ ገና አነበብኩት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሰው የሚያየው የሚፈልገውን ነው መሰለኝ። ዶክተሩ በመጨረሻ ምስጋና አቀረቡ። ቦታውን ያለ አንዳች ካሣ ላስገኙልን፣ የዩኒቨርሲቲያችን የቅዳሜና እሑድ የማኔጅመንት ተማሪ ለሆኑት፣ በትብብር መልክ ከክፍያ ነጻ አድርገን ለምናስተምራቸው ለአቶ ምንይሉ ጭብጨባ ይገባል አሉ። ምንይሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። አዲስ ኮት ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ የሰፋሁለት፤ ለሠርግ ነው ብሎኝ ነበር።

ሪባኑ ተቆረጠ፣ እንግዶቹ ወደ ምሳ ገቡ፣ ከአሥራ ሁለቱ አውራዎች ሁለቱ እንደጎደሉም ሽታው ነገረን። ከውጭ የቀረነው መሳቅ ጀመርን። ሳቁን ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን ተዛመተ። አይ እኛ፣ ገቢን ውኃ ያልን እኛ! አሥራ ሁለት ቀን ጉድጓድ የቆፈርንለት ፎቶ ኮፒ! አባ ወልደ ጻድቅ ከጠበል እንዳይቀላቀል ያሉት ፎቶ ኮፒውን ኖሯል! አባ ራሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። አጠፋን፣ ሳንሰማ እጅ አወጣን፣ አለመማር ነው እየተባለ ሁሉም ራሱን ወቀሰ። ሰው ተበደልኩ ከማለት ሞኝ ነበርኩ ማለት ይቀለዋል። እትዬ ጌታነሽ ግን አልሳቁም፣ ራሳቸውንም አልወቀሱም። ጄሪካኖቻቸውን ይዘው መንገዱን ተሻገሩና ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አመሩ። ሴቶቹም፣ የውኃውን ጉዳይ ሊጠይቁልን ነው መሰለኝ እየተባባሉ ተከትለው ከደጁ ተቀመጡ። እኔም ወደ መኪናዬ ተመለስኩ፤ ጽሕፈት ቤቱ መስኮቱ መስተዋት የለውም፣ ሁሉ ነገር ይሰማል።

ምንይሉ ከምሳው ተጠርቶ መጣ፤ ከንፈሩ ላይ ቅባት ነበረ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር፣ በር የማይገጥም የብረት ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ፖስተር። እህትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጄሪካኖቹን እግራቸው ሥር አደረጉ። ምንም አላሉም። እሱም ቆሞ ምንም አላለም። እናታቸው የሞተች ጊዜ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ እስከ ዲፕሎማው ድረስ ያስተማሩትም በዚያ ባና ነው። ስለዚህ ዝምታውን ሁለቱም ያውቁታል፤ ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ ሲገባም እንዲሁ ዝም ይሉት እንደነበር እሱ ራሱ አጫውቶኛል። ብዙ ቆዩ። በኋላ እትዬ ጌታነሽ ቃለ ጉባኤውን አምጣው አሉት። ዛሬ እንግዳ አለብኝ እታለም፣ ነገ ቤት መጥቼ እንነጋገራለን አለ። አምጣው አሉት ዳግመኛ።

ከቁም ሣጥኑ አወጣ። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። እኔ በዚያን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ተክያለሁ፤ ያን ያህል ፈጀባቸው። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ያን ቀን ስታነብልን ይህቺ ቃል አልነበረችም» አሉ።

«ነበረች እታለም። ይኸው ከደብዳቤው ቃል በቃል ተገልብጣ፣ በማኅተም ሥር አለች።»

«ወረቀቱ ላይ ነበረች። አፍህ ላይ አልነበረችም።»

 ከውጭ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። እኔም እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። ቅድም እንደ ሞኝ ስንስቅበት የነበረው ነገር ያኔ ገባኝና ደሜ ፈላ፤ ሳንሰማ ቀርተን አይደለም፣ ሳይነበብልን ቀርቶ ኖሯል።

«ብነግራችሁ እጅ ታወጡ ነበር?» አለ ምንይሉ በመጨረሻ።

«አናወጣም።»

«እሱን ነው የምልሽ እኮ።»  ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ዲግሪ የሌለው የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ በሚቀጥለው ዓመት ይነሣል ተብሏል። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ክፍያው ከደመወዙ ይበልጣል። አቶ ይሥሐቅ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ፣ ቦታ ካስገኘህልን ያለ ክፍያ እናስተምርሃለን፣ ካላስገኘህልን ለሌላ ቀበሌ እንሰጠዋለን አለው። ለእኔ ብቻ አይደለም እታለም፣ ደመወዜ ሲያድግ ላንቺም ነው፣ ያን ገደል የሚወርድልሽ ሠራተኛ እቀጥርልሻለሁ አለ። እያለ እያለ ወደ ግድግዳው ዞረ። መሬቱስ ይመለሳል ወይ ብለው ሲጠይቁት ወረዳው አጽድቆታል፣ ከእንግዲህ አይመለስም አለ፤ ይህን ሲል ብቻ እንደ ሥራ አስኪያጅ ተናገረ።

«ሁለት ፊደል ናት» አሉ እትዬ ጌታነሽ። «ለሁለት ፊደል ብለህ አባቴን ከነመሬቱ ሸጥክብኝ። ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ አልነበረም።» አለቀሱ። ይህን መደበቅ አልችልም፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወረቀቱን እጁ ላይ አድርገው፣ ውጣና ለሴቶቹ አንብብላቸው አሉት።

ሊወጣ አልፈለገም። ግን ሴቶቹ ሁሉን ሰምተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ወዴት ይሄዳል? በአዲሱ ኮቱ ደጃፉ ላይ ቆመና አነበበ። ቀኑን አነበበ፣ የተሰብሳቢውን ብዛት አነበበ፣ የአባ ወልደ ጻድቅን የጠበል ማሳሰቢያ አነበበ። ከዚያ፣ ዩኒቨርሲቲው በቀበሌያችን ምንጭ ሊያጎለብት ስለሆነ፣ ብሎ ቀጠለ። አሁንም ዘለላት! በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያወቀ፣ አርባ ሴት ፊት። ሆን ብሎ ይሁን ወይም አፉ ለምዶበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማንም አልተቆጣም። እትዬ ጌታነሽ ከኋላው መጥተው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉና፣ እዚህ ጋ ተመለስ አሉት። ተመለሰ። «የገቢ ምንጭ» ብሎ አነበበ፣ የመጨረሻው ፊደል አልሰማ እስኪል ድረስ በቀስታ።

 ከማዕከሉ ግቢ የእንግዶቹ ሳቅና የጠርሙስ ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ ውባየሁ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቅልህ ልጄ ብለው ጠየቁት፣ ስድብ በሌለበት ድምፅ። ምንይሉ መውጫ ያገኘ መሰለው፤ ቀና ብሎ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ እማማ አላቸው።

«እንግዲያው ሁለት ዓመት ውኃ ትቀዳልናለህ» አሉና ጄሪካናቸውን ከእግሩ ሥር አስቀመጡ።

ከጎናቸው ያለችው የምሥራች እናት አዛለች አስቀመጠች። ቀጥላ ሌላዋ። ማንም ሳይገፋፋ፣ ማንም ሳይሳደብ፣ አርባው ጄሪካን ከደጃፉ እስከ መንገዱ ተደረደረ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ፣ ያውም ባለ ቢሮ፣ በጀርባው ውኃ ተሸክሞ ገደል ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል? ምንይሉ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀልድ ነው ብሎ። ፈገግታውን የሚጋራው ሰው ሲያጣ ወደ እህቱ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲቆጣው የሚዞረው ወደ እሳቸው ነበር፤ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀውለት፣ ከፍለውለት፣ ምለውለት ያስመልጡት ነበር። አሁንም ዓይኑ ያንኑ ነው የጠየቃቸው። እትዬ ጌታነሽ ለጥቂት ጊዜ አዩት። እኔ አዘንኩለት ብል አትፍረዱብኝ፤ እሳቸውም እንዳዘኑለት ፊታቸው ይናገር ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሁለቱ ጄሪካኖቻቸው አንዱን አነሡና ጀርባው ላይ አደረጉለት፣ ማዘያ ገመዱን በአዲሱ ኮት ላይ አሳልፈው ደረቱ ላይ አሰሩለት። ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ አጠበቁት።

«ሂድ» አሉት፣ «ሳይመሽ።»